ወንፊት ወለሉ አልገጥም ሲል፦ የመደፍደፊያ በርሜልን ከጠርዙ ጀምሮ ማስተካከል

ቢራ ስትጠምቁ የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ ከሚደፈደፍበት ከመደፍደፊያ በርሜላችሁ የወረደውን ዎርት ግማሽ ጆግ ያህል ቅዱና ነጭ ሳህን ላይ አፍስሱት። ሳህኑ ላይ የቀረው እንደ ዱቄት የላመ ነገር ከሆነ ጉዳዩ የወፍጮ ወይም የትዕግሥት ነው። ገለባው እንዳለ፣ ግማሽ የገብስ ፍሬ፣ በጣት የሚለቀም ነገር በብዛት ካያችሁ ግን የወንፊት ወለሉ ጠርዝ ላይ ክፍተት አለ። የወንፊት ወለል ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሻካራ ነገር በዚያ ቀዳዳ በብዛት ሊያልፍ አይችልም። ያለፈው በዳር ነው።

ዎርት የምለው ድፍድፉ ሲጣራ የሚወርደውን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ወንፊት ወለል የምለው ደግሞ ብዙዎች ፎልስ ቦተም የሚሉትን፣ ከበርሜሉ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ብቅሉን የሚሸከመውን ባለ ቀዳዳ ብረት ነው። ይህን ሳህን የማስቀድመው አለምክንያት አይደለም። እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ገለባ በወረደ ቁጥር ቀዳዳዎቹ ሰፍተውብኝ ነው ብዬ ከላያቸው ደቃቅ የሽቦ ወንፊት አነጠፍኩ። ውጤቱ የባሰ ሆነ። ሽቦው በዱቄት ተደፍኖ ፈሳሹ ቆመ፣ ገለባው ግን በዳር መውረዱን አላቆመም። አንድ ቀን በርሜሉ ውስጥ ሙቅ ውሃ ብቻ ሳለ የወንፊቱን አንድ ጎን በማማሰያ ጫን ሳደርገው ተቃራኒው ጎን ብድግ አለ። ለካ ወንፊቱ ከመጀመሪያውም አልተቀመጠም ነበር።

መሠረቱን ከያዛችሁ የሚከተለው ሁሉ ይቀላል። ዎርቱን የሚያጣራው ወንፊቱ አይደለም፤ ከላዩ የሚተኛው የገለባ ንጣፍ ነው። የወንፊቱ ሥራ ንጣፉን ደግፎ መያዝና ከሥሩ ለፈሳሹ ቦታ መተው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ሻካራ ቢመስልም ችግር የለውም። ጠርዙ ላይ ያለ ክፍተት ግን ንጣፉ እንዲናድ ያደርጋል፤ ፈሳሹም በብቅሉ መሐል ማለፉን ትቶ የበርሜሉን ግድግዳ ታኮ ይወርዳል። በሒሳብ ለማየት፣ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወንፊት ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዙሪያው ሁሉ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር 28 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ስፋታቸው 2.4 ሚሊ ሜትር የሆኑ ከ600 በላይ ቀዳዳዎች አንድ ላይ ማለት ነው፤ ያውም ሁሉም ግድግዳው ሥር ተሰልፈው። የምታጡት ጥራትን ብቻ አይደለም። ስኳሩን ከብቅሉ ለማጠብ የምታፈሱት ውሃ ስኳሩን ሳይዝ በዳር ሾልኮ ስለሚሄድ ምርታችሁም ይቀንሳል። ያመለጠው ገለባ ወደ ማፍያው ድስት ሲገባ ደግሞ አብሮ ይፈላና ቢራውን አፍ የሚያደርቅ ያደርገዋል፤ ፓምፕና ማቀዝቀዣም ይደፍናል።

ምንም ነገር ከመቁረጣችሁ በፊት ለኩ

በርሜሉን ባዶ አድርጋችሁ እጠቡ፣ ወንፊቱን አውጡና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ጠፍጣፋ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ዙሪያውን በሙሉ ጠረጴዛውን መንካት አለበት። አንዱን ዳር በጣት ስትጫኑ ሌላው ከተነሣ ወንፊቱ ጎብጧል፤ መፍትሔው እሱን ማቃናት እንጂ ጠርዙን ጎማ ማልበስ አይደለም። መሐሉ እንደ ጉልላት ከፍ ያለው ዓይነትም ቢሆን ጠርዙ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ማረፍ አለበት።

ቀጥሎ የበርሜሉን የውስጥ ስፋት ለኩ፤ ግን አፉን አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሙቀት የሚይዙት የፕላስቲክ በርሜሎች ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ያሉ ናቸው። ድስቶች ደግሞ ወለላቸውና ግድግዳቸው የሚገናኙበት ጥግ ክብ ነው። ስለዚህ ወንፊቱ በትክክል የሚያርፍበት ከፍታ ላይ መለካት አለባችሁ። ሜትር ስለማይገባላችሁ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶችን ጎን ለጎን ያዙ፣ ጫፎቻቸው ሁለቱን ግድግዳዎች እስኪነኩ ግራና ቀኝ ዘርግታችሁ መሐላቸውን በፕላስተር እሰሩ፣ ከዚያ አውጥታችሁ ርዝመቱን ለኩ። ይህንኑ በአራት አቅጣጫ ድገሙት። ድስት ክብ ይመስላል እንጂ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሞላላ መሆኑ የተለመደ ነው።

ከዚያ ወንፊቱን ቦታው አስገቡና ክፍተቱን በፑንታ ፈትሹ። 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የትራፓኖ ፑንታ ጀርባውን ይዛችሁ በጠርዙና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን አስኪዱት። በነጻነት የሚገባበትን ቦታ ሁሉ ግድግዳው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ክፍተቱ ከወንፊቱ ቀዳዳ ስፋት የማይበልጥ ከሆነ ተዉት፤ ገለባው ራሱ ይዘጋዋል። ከዚያ የሚበልጠው ግን መስተካከል አለበት። ምልክቱ በአንድ ወገን ብቻ ከበዛ ወንፊቱ ወደ ሌላው ወገን ተገፍቷል። እንዲህ ከሆነ ስለ ጎማ ከማሰብ በፊት የመውጫውን ቱቦ መርምሩ።

አሁን ያው ፍተሻ በሙቅ ውሃ ይደገም። በርሜሉ ፕላስቲክ ከሆነ ይህን ደረጃ ፈጽሞ አትዝለሉ። አይዝጌ ብረት በ50 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ የሚጨምረው ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፕላስቲክ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ቀዝቃዛ ሳለ ጥብቅ ብሎ የገጠመ ወንፊት ድፍድፉ 66 ዲግሪ ላይ ሲሆን የሚላላው ለዚህ ነው። ከ70 እስከ 75 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከወንፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ሙሉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ረጅም ማማሰያ ይዛችሁ የወንፊቱን ጠርዝ በአራቱም ወገን ተጫኑ። የሚወዛወዝ፣ የሚንሳፈፍ ወይም የአየር አረፋ የሚለቅ ወገን ካለ ልብ በሉት። ይህ ውሃ ቆዳ ይልጣል፤ እጃችሁን አታስገቡ።

ወንፊቱን የሚያነሣው ቱቦ

በሙቅ ውሃው ፍተሻ ወንፊቱ ከተነሣ፣ ከልምዴ እንደማውቀው አጥፊው ብዙ ጊዜ ከወንፊቱ መሐል ወይም ከሥሩ ወደ መውጫው የሚሄደው አጭር ቱቦ ነው። ረጅም ከሆነ እንደ ቀስት ታጥፎ ወንፊቱን ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ይገፋዋል። አጭር ከሆነ ደግሞ በመውጫው በኩል ያለውን ጠርዝ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ከርካሽ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ በሙቀት ይለሰልስና ይጨማደዳል፤ ፓምፕ ሲስብበትም ጎኖቹ ይጣበቃሉ። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይደርቃል፣ በጊዜ ብዛትም ቅርጹን ይይዛል።

ለምግብ የተፈቀደ፣ ግድግዳው ወፈር ያለ የሲሊኮን ቱቦ ተኩበት። ሲሊኮን የፈላ ውሃን ያለ ችግር ይቋቋማል። ርዝመቱን የምትወስኑት ወንፊቱን ልክ መሐል አስቀምጣችሁ ነው። ቱቦው ሁለቱን ጫፎች ሲያገናኝ ሳይወጠርና ሳይታጠፍ መተኛት አለበት። ሁለቱንም ጫፍ በአይዝጌ ብረት ማሰሪያ ቀለበት አጥብቁ። በመገጣጠሚያው አየር ከገባ ፈሳሹን ቁልቁል የሚስበው ኃይል ይቋረጥና ከወንፊቱ በታች ብዙ ዎርት ተኝቶ ይቀራል።

ቱቦው በጠንካራ የብረት መምጠጫ ቢተካ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ወንፊቱን አይገፋም፣ አይጎትትምም። የመምጠጫው አፍ ከወለሉ ምን ያህል ይራቅ ለሚለው ቀላል ስሌት አለ። ክፍተቱ የቱቦው የውስጥ ስፋት ሩብ ሲሆን በዙሪያው የሚገባው መተላለፊያ ከቱቦው አፍ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል። ለ12 ሚሊ ሜትር ቱቦ 3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ከቀረበ ይታነቃል፤ ከራቀ ደግሞ የሚቀረው ዎርት ይበዛል። መምጠጫው በወንፊቱ ላይ በተሰነጠቀ ቦታ የሚያልፍ ከሆነ ያ ስንጥቅ ራሱ የገለባ በር ነው። ከሲሊኮን ቱቦ ቀለበት ቆርጣችሁ መምጠጫው ላይ አጥልቁና በስንጥቁ ላይ አስቀምጡት።

ጠርዙን ጎማ ማልበስ

ወንፊቱ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ቱቦውም ካልገፋው፣ ግን ስፋቱ ካነሰ፣ መፍትሔው ከጎን የተሰነጠቀ የሲሊኮን ቱቦ በጠርዙ ላይ ማልበስ ነው። ይህን ሥራ ተረጋግታችሁ ሥሩት። ግማሽ ቀን ቢፈጅም ለዓመታት ያገለግላል።

መጀመሪያ ልኩ። ከበርሜሉ ስፋት የወንፊቱን ስፋት ቀንሱና ለሁለት አካፍሉ፤ የምታገኙት በአንድ ወገን ያለው ክፍተት ነው። በርሜሉ 306፣ ወንፊቱ 300 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ጠርዙ በስንጥቁ ገብቶ የቱቦውን ጀርባ ሲነካ ወደ ውጭ የሚጨምረው የቱቦው ግድግዳ ውፍረት ስለሆነ፣ ውፍረቱ ከክፍተቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሚበልጥ ቱቦ ምረጡ። ለዚህ ምሳሌ 3.5 ሚሊ ሜትር ይስማማል። ሲሊኮን ስለሚታመቅ ትርፉ ግድግዳው ላይ ጥብቅ እንዲል ያደርገዋል። ፕላስቲክ በርሜል ላይ ሙቅ ሳለ የለካችሁትን ቁጥር ተጠቀሙ።

ርዝመቱ የወንፊቱ ስፋት ሲባዛ በ3.14 ነው፤ ለ300 ሚሊ ሜትር 942 ይሆናል። 10 ሚሊ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ። አጭር ቱቦ እየተለጠጠ ከጠርዙ ይሸሻል፤ ትርፉን ግን በኋላ መቁረጥ ይቻላል።

መሰንጠቁ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ቱቦውን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ምላጭ ማስኬድ ስንጥቁን እንደ እባብ ያጠማዝዘዋል፣ እጅም ያቆስላል። ይልቁን ቱቦው በጥብቅ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጣውላ ላይ ብሱ። ስለታም ምላጭ ጫፉ ወደ ቀዳዳው መሐል እንዲደርስ ከላይ ሰንጥቃችሁ ጣውላው ላይ አጽኑ። ከዚያ ቱቦውን በቀዳዳው አሳልፋችሁ ከወዲያኛው ወገን በቀስታ ሳቡት። ምላጩ አይንቀሳቀስም፣ ቱቦው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ስንጥቁም እንደ መስመር ቀጥ ይላል። ምላጩ አንዱን ግድግዳ ብቻ መቁረጡን በመጀመሪያው ሳንቲ ሜትር ላይ አረጋግጡ።

የተሰነጠቀውን ቱቦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆዩትና ከመውጫው ተቃራኒ በሆነው ቦታ ጀምራችሁ ጠርዙን አልብሱ። የወንፊት ጠርዝ ስለት አለው፤ ጓንት አድርጉ። ዙሪያውን ስትጨርሱ ሁለቱን ጫፎች ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡና እርስ በርስ እንዲገፋፉ አገናኙ። ቱቦው እንዳይወልቅ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በዳርኛው ቀዳዳ በኩል ቀጭን አይዝጌ ሽቦ አሳልፋችሁ እሰሩት፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ላይ እንጂ ወደ በርሜሉ ግድግዳ አይዙር። ማጣበቂያ አትጠቀሙ። የሚጣበቀው ነገር ሙቀቱን ቢችል እንኳ ጎማውን አውጥቶ ማጠብ አይቻልም፤ ከሥሩ የቀረ ዎርት ደግሞ ይሸታል።

ወንፊቱ ከበርሜሉ ከሰፋ ግን በኃይል አትጫኑት፤ መሐሉ ይጎብጥና ሌላ ችግር ይወልዳል። ፑንታ የማያስገቡትን፣ ግድግዳውን የሚታከኩትን ቦታዎች ምልክት አድርጋችሁ በሞረድ ጥቂት በጥቂት አንሱ፣ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ስትጨርሱ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና በሲትሪክ አሲድ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በደንብ አለቅልቁት። በተራ የብረት ሽቦ አትፈግፍጉት፤ የሚተወው የብረት ቅንጣት አይዝጌውን ያዝገዋል።

እግር

ጠፍጣፋ ወንፊት ሰፊ ሲሆን መሐሉ ይረግባል፤ በተለይ ፓምፕ ከሥሩ ሲስብ። መሐሉ ሲረግብ ጠርዙ ይነሣል። ሦስት የአይዝጌ ብሎኖች በዙሪያው እኩል አራርቃችሁ፣ ከጠርዙ አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ውስጥ ገብታችሁ ትከሉ። እያንዳንዱን ከላይና ከታች በዳዶና በሮንዴላ ያዙት፤ ቁመቱን ዳዶውን በማዞር ታስተካክላላችሁ። አራት እግር ባልተስተካከለ ወለል ላይ ይወዛወዛል፣ ሦስት ግን ምንጊዜም ይቆማል። በዚንክ የተለበጠ ብሎን አታስገቡ፤ ድፍድፉ አሲዳማ ስለሆነ ዚንኩን ያሟሟዋል።

ቁመቱን የሚወስነው የበርሜሉ ክብ ጥግ ነው። ወንፊቱ ግድግዳው ቀጥ ካለበት ቦታ ላይ ይረፍ። ከዚያ በላይ አታንሱት፤ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ በርሜል እያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 0.7 ሊትር ያህል ከሥር ይይዛል።

ሙከራ፣ መጀመሪያ በውሃ ቀጥሎ በብቅል

የሙቅ ውሃውን ፍተሻ ድገሙ። ወንፊቱ አራቱም ወገን ካልተንቀሳቀሰ፣ ፑንታውም ካልገባ፣ ቫልቩን ሩብ ከፍታችሁ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረዱን ተመልከቱ። ሲያልቅ የቀረውን በጆግ ለክታችሁ ቁጥሩን ጻፉት፤ በሚቀጥለው ጠመቃ ውሃ ስትመድቡ ትጨምሩታላችሁ።

ለብቅሉ ሙከራ ጥቂት ኪሎ ይበቃል፤ ንጣፉ ግን ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ከሳሳ ማጣራቱ ራሱ ይከብዳል። የወፍጮው ክፍተት ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ገለባው ሳይደቅ ፍሬው ይሰበራል። መጀመሪያ ውሃው ከወንፊቱ በላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ በመውጫው በኩል ከታች ወደ ላይ ሙሉ። ይህ ከወንፊቱ ሥር የታመቀውን አየር ያስወጣል፤ ጉልላት ቅርጽ ያለው ወንፊት የሚንሳፈፍበት አንዱ ምክንያት ይህ አየር ነውና። አረፋው ሲያቆም ብቅሉን ጨምሩ፣ በአንድ ኪሎ 3 ሊትር ያህል ውሃ እንዲሆን አድርጋችሁ አማስሉ። ስታማስሉ ማማሰያው ወንፊቱን አይንካ። በጠርዙ በኩል ወደ ታች የሚገባ ማማሰያ የገጠመውንም ወንፊት ያነሣዋል፤ አንዴ ከሥሩ ብቅል ከገባ ደግሞ ተመልሶ አይቀመጥም።

ድፍድፉ ሲያርፍ ቫልቩን በጣም ጥቂት ክፈቱ። የሚወርደውን በጆግ እየተቀበላችሁ ንጣፉን ሳትቆፍሩ ከላይ መልሱት። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሊትሮች ደፍራሽ ቢሆኑ፣ ጥቂት ገለባም ቢኖራቸው ጤነኛ ነው። ከዚያ እየጠራ መሄድ አለበት። 8 ሊትር ከመለሳችሁ በኋላም ሳህኑ ላይ ገለባ ከተገኘ አሁንም ክፍተት አለ። ሲጠራ ፍጥነቱን በደቂቃ አንድ ሊትር ገደማ ላይ ያዙት። ፓምፕ ካላችሁ የምትቆጣጠሩት ከፓምፑ በኋላ ባለው ቫልቭ ነው። ከፓምፑ በፊት ያለውን ማጥበብ ፓምፑን ያስርበዋል፣ ሙሉ ጉልበቱን መልቀቅ ደግሞ ንጣፉን ወንፊቱ ላይ ይለጥፈዋል።

ጠመቃ መሐል ላይ ቢሆንባችሁስ?

ፓምፑን አጥፉ፣ ቫልቩን ዝጉ። የቆመው ፈሳሹ ከሆነና ገለባ ካልወረደ፣ በመውጫው በኩል 76 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሙቅ ውሃ ጥቂት ሊትር ከታች ወደ ላይ አስገቡ፣ የንጣፉን የላይኛውን ክፍል በቀስታ አማስሉ፣ አሥር ደቂቃ አሳርፉና ቫልቩን ሩብ ብቻ ክፈቱ። ወንፊቱ ተነሥቶ ብቅል ከሥሩ ከገባ ግን በማማሰያ ለመጫን አትድከሙ፤ ከሥሩ ያለው ብቅል አያስቀምጠውም። ድፍድፉን ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ቅዱ፣ ወንፊቱን አስተካክላችሁ አስቀምጡ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሙቅ ውሃ ሙሉና ድፍድፉን በቀስታ መልሱ። ጥቂት ዲግሪ ሙቀት ታጣላችሁ፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ከተለወጠ በኋላ ከሆነ ይህ አያሳስብም። ሌላ ዕቃ ከሌለ ድፍድፉን በትልቅ የናይለን ከረጢት ማጣራት ጠመቃውን ያድነዋል።

ሥራው ሲያልቅ በርሜሉን ቸኩላችሁ አትጠቡ። ብቅሉን ከላይ በጥንቃቄ አውጡ፣ ወንፊቱን ቀጥ አድርጋችሁ አንሡና ወለሉን በባትሪ እዩ። ያመለጠው ገለባ የተከመረው በአንድ ወገን ግድግዳ ሥር ከሆነ ጠርዙ ክፍት የሆነው በዚያ ወገን ነው። በመውጫው ዙሪያ ከሆነ የመምጠጫው ስንጥቅ ነው፤ በዙሪያው ሁሉ እኩል ከሆነ ጎማው ቀጥኗል። ቦታውን ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ፤ በወንፊቱ ጠርዝና በበርሜሉ ላይም ትይዩ የሆነ ጭረት አኑሩ፤ ሞላላ በርሜል ውስጥ ወንፊት የሚገጥመው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ጭረቱን ከጭረቱ ጋር አገናኝታችሁ ታስቀምጡታላችሁ።